ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ብሩስተር ሙሬይ ሆፐር (ልደት፦ ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም.፤ ሞት፦ ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስትና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሪር አድሚራል ነበሩ። ሰው በፊደል የጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ራሱ አንብቦ ወደ ማሽን ቁጥር እንዲለውጠው ካደረጉት ቀዳሚ ሰዎች አንዷ ናቸው። ኮቦል የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋም በአብዛኛው የተቀረጸው እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ቀድመው ከሠሩት ከፍሎውማቲክ ነው።

ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች አንዲት የእሳት እራት ጋር ነው። ያ ታሪክ ከታች በቦታው ይገኛል፤ ትንሽ እርማትም ያስፈልገዋል። ከዚያ ይልቅ ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየቀኑ የሚነካው የሆፐር ሥራ ሌላ ነው፦ የዳታን ቅርጽ ከፕሮግራሙ ትእዛዝ ለይቶ በስም መግለጽ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ሙሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ከአባታቸው ከዋልተር ፍሌቸር ሙሬይና ከእናታቸው ከሜሪ ካምቤል ቫን ሆርን ተወለዱ። ለቤቱ የሦስት ልጆች የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ ሴቶች ልጆቻቸውም እንደ ወንዱ እንዲማሩ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ቅድመ አያታቸው አሌክሳንደር ዊልሰን ራስል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሞቢል ወሽመጥ የተዋጉ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩ።

በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ፈቱ። እናታቸው ነገሩን ሲደርሱበት በቤት ያሉት ሰባቱም ሰዓቶች ተበታትነው ነበር። ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው።

በ16 ዓመታቸው ወደ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት አመልክተው በላቲን ቋንቋ ውጤታቸው ዝቅተኛነት ምክንያት ሳይቀበሏቸው ቀሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ገቡ። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1930 ከየል ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1934 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ በኦይስታይን ኦረ ሥር በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1930 የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆኑትን ቪንሰንት ፎስተር ሆፐርን አገቡ። ልጅ አልወለዱም፤ በ1945 ተፋቱ፤ የባላቸውን ስም ግን እስከ ሞታቸው ይዘውት ቆዩ።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ በ1941 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። በክፍላቸው ተማሪዎች አንድን ቀመር ተረድተው በራሳቸው ቃላት በድርሰት መልክ እንዲያብራሩ ያዝዙ ነበር። ተማሪዎቹ ይህ የሒሳብ እንጂ የእንግሊዝኛ ትምህርት አይደለም እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ መምህርቷ ግን ለሰው ማስረዳት የማይቻል ሒሳብ እንደማይጠቅም ይነግሯቸው ነበር። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

ባሕር ኃይልና ማርክ አንድ

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ለመዝመት ፈለጉ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የሰውነት ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ነው ተባሉ። ልዩ ፈቃድ አግኝተው በዲሴምበር 1943 የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦርን ተቀላቀሉ። በስሚዝ ኮሌጅ የነበረውን የመኮንንነት ሥልጠና በ1944 በአንደኝነት አጠናቀው በሌተናንትነት ማዕረግ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመደቡ።

በዚያ የጠበቃቸው ማርክ አንድ የተባለው ማሽን ነበር። በሃዋርድ ኤይከን ንድፍ መሠረት አይቢኤም የሠራው ይህ ማሽን 15 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ነበረው። ትእዛዞቹን የሚያነብበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነው፤ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ አንድ ማካፈል ደግሞ ከ15 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ሆፐር ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል ጋር ከማሽኑ የመጀመሪያ ፕሮግራም ጸሐፊዎች መካከል ሆኑ። ከሠሯቸው ስሌቶች አንዱ በ1944 ጆን ቮን ኖይማን ያመጣው ነበር፤ የአቶም ቦምብ ሥራ አካል መሆኑን የማሽኑ ሠራተኞች አላወቁም ነበር። ኤይከን የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ አዘዟቸው፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ በ1946 ታተመ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ መደበኛው ባሕር ኃይል ለመዛወር ያቀረቡት ጥያቄ በዕድሜያቸው ምክንያት ውድቅ ሆነ። ቫሳር የሙሉ ፕሮፌሰርነት ቦታ ቢያቀርብላቸውም በሃርቫርድ በተመራማሪነት እስከ 1949 ቆዩ። በዚያ ዘመን ሃርቫርድ ለሴት ቋሚ የመምህርነት ቦታ የሚሰጠው እምብዛም አልነበረም። እነዚህ ዓመታት ለሆፐር ከባድ ነበሩ፤ ትዳራቸው ፈርሷል፣ የወደፊት ሥራቸው አይታወቅም፣ ከመጠጥ ጋርም ብርቱ ትግል ውስጥ ገብተው ነበር።

የእሳት እራቷ ነገር እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ አንድ ተከታይ የሆነው ማርክ ሁለት አልሠራ ሲል ሠራተኞቹ ከማሽኑ ሪሌዎች በአንዱ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አገኙ። በማጣበቂያ ወረቀት በዕለቱ መዝገብ ላይ ለጥፈው፣ እውነተኛ ተባይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ማስታወሻ ጻፉባት። ቀልዱ የሚገባው የማሽን ብልሽትን ተባይ ብሎ መጥራት ቀድሞም የነበረ ልማድ ከሆነ ብቻ ነው፤ በእርግጥም ከቶማስ ኤዲሰን ዘመን ጀምሮ መሐንዲሶች ይጠቀሙበት ነበር። እራቷን ያገኟትም ሆፐር አልነበሩም። እሳቸው ታሪኩን ለብዙ ዓመታት በየመድረኩ ደጋግመው ስላወሩት በስማቸው ተመዝግቦ ቀረ። መዝገቡ እስከ እራቷ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል።

ዩኒቫክና የመጀመሪያው ኮምፓይለር

በ1949 ሆፐር ፊላደልፊያ ወደነበረው ወደ ኤከርት-ሞክሊ የኮምፒውተር ኩባንያ ገቡ። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን የንግድ ኮምፒውተር ይሠራ ነበር፤ በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ገዛው፣ በ1955 ደግሞ ከስፔሪ ጋር ተዋሐደ።

በዚያን ጊዜ ፕሮግራም ማለት ቁጥር ማለት ነበር። የኩባንያው ሌላ ኮምፒውተር ቢናክ በስምንት መሠረት የሚቆጥር ስለነበረ ሆፐር በስምንት መሠረት መደመርና መቀነስ ለመዱ። አንድ ጊዜ የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም ብሏቸው ተቸግረው ነበር፤ ጉድለቱን ያገኙት ባንክ የሚሠሩት ወንድማቸው ናቸው። እኅታቸው የቼክ ደብተራቸውን በስምንት መሠረት ይቀንሱ ኖሯል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ደጋግመው የሚያስፈልጓቸውን ንዑስ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ የሳይን ወይም የካሬ ሥር ስሌትን፣ በደብተር ጽፈው ያስቀምጡና አንዱ ከሌላው በእጁ ይገለብጥ ነበር። ሲገለበጡ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ንዑስ ፕሮግራሙ ከዜሮ አድራሻ እንደሚጀምር ሆኖ ስለተጻፈ በአዲሱ ቦታ እያንዳንዱን አድራሻ በእጅ መደመር ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ በመደመር ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ክፍት ቦታን የምታመለክተው የሦስት ማዕዘን ምልክት ስትገለበጥ 4 ትሆናለች፣ ቢ የተባለችው የላቲን ፊደል ደግሞ 13 ትሆናለች። ሆፐር ያዩት ይህን ነው፦ መገልበጥና መደመር የማይሰለቸው ማሽን አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ሰው በእጁ ይገለብጣል፣ በእጁ ይደምራል።

በ1951 እና በ1952 የሠሩት ኤ-0 የተባለ ፕሮግራም ንዑስ ፕሮግራሞቹን በማግኔት ቴፕ ላይ ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ምልክት ሰጣቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልጋቸውን ምልክቶች በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ማሽኑ ዝርዝሩን አንብቦ ከቴፑ ያወጣቸዋል፣ አድራሻቸውን ያስተካክላል፣ አንድ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ይገጥማቸዋል። ሆፐር ይህን ኮምፓይለር አሉት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰብሳቢ፣ አጠናቃሪ ማለት ነው። በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተደረገ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስብሰባ ላይም ስለ ሥራው ጥናት አቀረቡ።

ዛሬ ኮምፓይለር የምንለው ሌላ ነው፤ በቋንቋ የተጻፈን ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ሕግ የሚከፋፍልና የሚተረጉም ነው። በዚህ መለኪያ ኤ-0 ይበልጥ የሚመስለው አሁን ሊንከር የሚባለውን ገጣጣሚ ፕሮግራም ነው። በዚያው በ1952 በእንግሊዝ ማንችስተር አሊክ ግሌኒ ኦቶኮድ የተባለ የራሱን ሥራ ሠርቶ ነበር። ስለዚህ ሆፐርን የመጀመሪያው ኮምፓይለር ባለቤት ብሎ በደፈናው መጥራት ትክክል አይሆንም። ስሙን የሰጡት፣ ሐሳቡንም ከሁሉ በላይ በየቦታው የተከራከሩለት ግን እሳቸው ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች ኮምፒውተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም ብለው ሥራውን አልቀበል ብለው ነበር።

ከዚህ ዘመን ሥራቸው አንድ ብልሃት ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያነብ ተፈለገ። ትእዛዙ ወደ ኋላ ዝለል የሚል ከሆነ ቦታው ስለታለፈ አድራሻው ይታወቃል። ወደ ፊት ዝለል የሚል ከሆነ ግን ያ ቦታ ገና አልተደረሰበትም፤ አድራሻ የለውም። ሆፐር መፍትሔውን ያገኙት በኮሌጅ ከተጫወቱት ቅርጫት ኳስ ነው። በጊዜው የሴቶች ጨዋታ ሕግ ተጫዋቿ ኳሱን አንድ ጊዜ ብቻ ማንጠር ትችል ነበር፤ ስለዚህ ለጓደኛዋ አቀብላ፣ ወደ ፊት ሮጣ፣ መልሳ ትቀበላለች። ኮምፓይለሩም ወደ ፊት መዝለል ሲያጋጥመው በሜሞሪው መጨረሻ ላይ ወደተከለለ ጥግ ይዘልና በዚያ መልእክት ይተዋል፤ የሚፈለገው ቦታ ሲደረስ መልእክቱ ይነሣና ሁለቱ ይገናኛሉ። ያልታወቀውን ቦታ ይዞ ማለፍና ኋላ ተመልሶ መሙላት አሁንም በኮምፓይለር ኮርስ የሚሰጥ ዘዴ ነው።

ተከታዩ ኤ-2 በ1953 ለዩኒቫክ ደንበኞች ሲሰጥ ከነሙሉ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነበር፤ ያሻሻለው ሰው ማሻሻያውን መልሶ እንዲልክም ተጠየቀ።

ፍሎውማቲክ

ኤ-2 ለሒሳብ ሰዎች ይመች ነበር። የዩኒቫክ ገዢዎች ግን ብዙዎቹ የኢንሹራንስ፣ የፋብሪካና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ ሥራቸው ደመወዝ፣ ዕቃ ግምጃ ቤትና ደረሰኝ ነው፤ ምልክት አይወዱም። ሆፐር ለእነዚህ ሰዎች በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ቋንቋ ይሠራ ብለው ለኩባንያው ኃላፊዎች ሐሳብ አቀረቡ። መልሱ፣ ኮምፒውተር እንግሊዝኛ ስለማይገባው አይቻልም የሚል ነበር።

በ1955 መጀመሪያ ላይ አነስተኛ የሙከራ ኮምፓይለር ሠርተው ለኃላፊዎቹ አሳዩ። ማሽኑ ቃላቱን እንደ ምልክት እንጂ እንደ ቋንቋ እንደማያያቸው ለማስረዳትም ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጽፈው አቀረቡት፤ እኩል ሠራ። በአማርኛ ቃላት ቢሆንም በመርሁ ለውጥ አልነበረውም፤ ኮምፓይለሩ የሚፈልገው ቃሉ በሰንጠረዡ ውስጥ መኖሩን ብቻ ነውና። ይህ ግን ተቃራኒውን ውጤት አመጣ። በፔንስልቬንያ የተሠራ አሜሪካዊ ኮምፒውተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይረዳል መባሉ ኃላፊዎቹን አስደነገጣቸው፤ ቋንቋው በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ገብተው ለማሳመን ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ተጨማሪ ወራት ፈጀባቸው።

ቋንቋው መጀመሪያ ቢ-0፣ ኋላ ፍሎውማቲክ ተባለ፤ በ1958 ለደንበኞች ቀረበ። በእንግሊዝኛ ግሶች የሚጻፉ ትእዛዞቹ በጊዜው መነጋገሪያ ቢሆኑም ከግሶቹ ይልቅ ዘመን የተሻገረው ሐሳብ ሌላ ነው።

ይህን ለመረዳት በማግኔት ቴፕ ላይ ያለ አንድ የደመወዝ ፋይል ማሰብ ይበቃል። የሠራተኛው ስም፣ የተቀጠረበት ቀንና ደመወዙ ያለ ምንም መለያ ተያይዘው ተጽፈዋል። ማሽኑ የሚያየው ረጅም የፊደልና የአኃዝ ሰልፍ ነው። ስሙ የት አልቆ ቀኑ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው፤ ይህም ዕውቀት በየትእዛዙ ውስጥ እንደ ቁጥር ተቀብሮ ይኖር ነበር። ለስም የተሰጠው ቦታ በአምስት ፊደል ቢሰፋ ያንን ፋይል የሚያነብ እያንዳንዱ ፕሮግራም ተፈልጎ በእጅ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢረሳ የስሙ ጭራ ከደመወዙ ጋር ይደመራል።

በፍሎውማቲክ የፋይሉ መግለጫ ከትእዛዞቹ ተለይቶ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ትእዛዞቹ ደመወዝን በስሙ ይጠሩታል እንጂ በስንተኛው ቦታ እንዳለ አይናገሩም። ቦታውን ፈልጎ ማግኘት የኮምፓይለሩ ሥራ ሆነ።

ኮቦል

በ1950ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ የኮምፒውተር አምራች የራሱ ቋንቋ ነበረው። ማሽን የቀየረ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሞቹን እንደገና ከመጻፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በበሮውዝ ኩባንያ የሚሠሩት ሜሪ ሆውስ የጋራ የንግድ ቋንቋ እንዲሠራ ሐሳብ አነሡ፤ በኤፕሪል 1959 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሜይ መጨረሻም በፔንታጎን ስብሰባ ተደረገ። ከዚያ ኮዳሲል የተባለው ጉባኤ ተቋቋመ። ቋንቋውን በትክክል የነደፉት የአንድ አነስተኛ ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ጂን ሳሜት፣ ገርትሩድ ቲርኒ፣ ዊልያም ሰልደንና ሃዋርድ ብሮምበርግ ይገኙበታል። ሆፐር ለጉባኤው ሥራ አስፈጻሚ የቴክኒክ አማካሪ ነበሩ። የኮቦል እናት የሚለው ቅጽል በጋዜጦች ተለምዷል፤ ሳሜት ግን ሆፐር የነዳፊው ኮሚቴ አባል እንዳልነበሩ እየጠቀሱ ሲያርሙት ኖረዋል። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት ነገር ፍሎውማቲክ የኮቦል ዋነኛ ምንጭ መሆኑ ነው፤ በገበያ ላይ ውሎ የተፈተነ የንግድ ቋንቋ በኮሚቴው ፊት የነበረው እሱ ነበር።

የኮቦል ፕሮግራም አራት ክፍሎች አሉት፦ የመለያ፣ የአካባቢ፣ የዳታ እና የሥራ ሂደት። ከፍሎውማቲክ የተወረሰው መለያየት እዚህ በሕግ ደረጃ ታወጀ። በዳታው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የደረጃ ቁጥር ይሰጠዋል። 01 ሠራተኛ ከተባለ፣ በሥሩ 02 ስም፣ 02 የቅጥር ቀን፣ 02 ደመወዝ ይመጣሉ፤ ከቅጥር ቀን ሥር ደግሞ 03 ቀን፣ 03 ወር፣ 03 ዓመት። ፕሮግራሙ የቅጥር ቀን ቢል ሦስቱን በአንድነት ያነሣል፤ ወር ቢል አንዷን ብቻ። ከስሙ ጎን በሚጻፍ የሥዕል ምልክት የቦታው ዓይነትና ስፋት ይነገራል፦ 9 አኃዝ ነው፣ ኤክስ ማንኛውም ምልክት ነው፤ አራት ጊዜ 9 ከተጻፈ አራት አኃዝ ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ይህንን ዛፍ አንብቦ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከስንተኛው ፊደል እንደሚጀምር ራሱ ያሰላል። ፒኤል ዋን የተባለው የአይቢኤም ቋንቋ ኋላ ይህንኑ የደረጃ አቀማመጥ ከኮቦል ወስዷል።

ዛሬ በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ የጄሰን ወይም የኤክስኤምኤል ፋይል የሚያነብ ተማሪ የሚሠራው ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። በመጀመሪያ ሠራተኛ የሚል ክላስ ይጽፋል፤ በውስጡ ስምና ደመወዝ፣ እንዲሁም ራሱ ሌላ ክላስ የሆነ የቅጥር ቀን ይኖራሉ። ከዚያ ፓርሰሩ ጽሑፉን ከፋፍሎ፣ በፋይሉ ያገኛቸውን ስሞች ከክላሱ ስሞች ጋር እያዛመደ ኦብጀክቱን ይሞላል። የዳታው ቅርጽ በክላሱ ተገልጿል፤ የማንበቡ ሥራ ለላይብረሪው ተትቷል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የኮቦል ፋይል በውስጡ ስም የለውም፤ ሁሉም ነገር የሚታወቀው በቦታው ነው፣ ስለዚህ መግለጫው የጠፋበት ፋይል እንቆቅልሽ ነው። ጄሰን ግን ስሙን ከዋጋው ጋር ይዞ ይጓዛል፤ የስሙ ርዝመት ቢለወጥም አይናጋም። ሌላም አለ፤ የኮቦል ሪከርድ ዳታ ብቻ ሲሆን ኦብጀክት ዳታውን የሚነኩትን ትእዛዞችም አብሮ ይይዛል። ይህ ሐሳብ በ1960ዎቹ ከኦስሎ፣ ከኦሌ-ዮሃን ዳልና ከክሪስተን ኒጎር ሲሙላ የመጣ ነው፤ ሆፐር በዚያ ድርሻ አልነበራቸውም። ኮቦል ራሱ ኦብጀክት በመደበኛ ደረጃው ውስጥ ያስገባው በ2002 ነው።

በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በጥቂት ለውጥ ብቻ በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች፣ በዩኒቫክና በአርሲኤ ላይ፣ ሠርቶ ታየ። ምሁራን ቋንቋውን ቃለ ብዙ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ ኤድስገር ዳይክስትራ ከነቃፊዎቹ ሁሉ የከረሩት ነበሩ። ነቀፋው መሠረት አለው፤ በኮቦል አጭር ነገር መጻፍ ከባድ ነው። ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ለዐሥርት ዓመታት ሥራቸውን ሠርተውበታል፤ አሁንም የሚጠቀሙበት አሉ።

ወደ ባሕር ኃይል መመለስ

በ1966 መጨረሻ ሆፐር በዕድሜ ምክንያት በኮማንደር ማዕረግ ከተጠባባቂው ጦር ጡረታ ወጡ። ሰባት ወር ያህል እንደቆዩ ባሕር ኃይሉ ለስድስት ወር ብሎ መልሶ ጠራቸው። ስድስቱ ወር አላለቀም፤ በ1971 እንደገና ጡረታ ወጥተው በ1972 እንደገና ተጠሩ፤ እስከ 1986 ቆዩ።

የተጠሩበት ችግር ኮቦልን የሚመለከት ነበር። ቋንቋው አንድ ነው ቢባልም እያንዳንዱ አምራች የራሱን ጨምሮበት ወይም ቀንሶበት ስለነበር አንዱ ማሽን የሚያነብበውን ፕሮግራም ሌላው አይቀበለውም፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ተቀብሎ ሌላ ትርጉም ሲሰጠው ነው። በሆፐር የሚመራው የባሕር ኃይሉ ቡድን አንድ ኮምፓይለር ኮቦልን በደረጃው መሠረት ማንበቡን የሚመረምሩ የሙከራ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። ኩባንያው ቃሉን እንዲሰጥ ከመጠየቅ ይልቅ ፕሮግራሞቹን አስኬዶ ውጤቱን ማየት ተቻለ። ይህ ዓይነቱ ምርመራ ኋላ የፌዴራል መንግሥት ኮምፓይለር ሲገዛ የሚጠይቀው ፈተና ሆነ። ከእራቷ ወሬ ጋር ሲነጻጸር ብዙም የማይወራለት ሥራ ነው፤ ቋንቋ የጋራ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው ግን ይህ ነው።

በቢሯቸው ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ የተለመደ ነገር ሁሉ ግዴታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የባሕር ወንበዴ ባንዲራም ነበራቸው። በየትምህርት ቤቱና በየጦር ሰፈሩ ንግግር ሲያደርጉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን የስልክ ሽቦ ቁራጮች ያድሉ ነበር፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በቢሊዮንኛ ሴኮንድ፣ ቢበዛ የሚሄደው ያን ያህል ነው። ከዚያ 300 ሜትር ያህል የሚሆን የሽቦ ጥቅልል አውጥተው ይህ ደግሞ ማይክሮሴኮንድ ነው ይሉና ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚያባክኑትን እንዲያዩት ያደርጉ ነበር። አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ ትንንሾቹን አገናኝቶ ማሠራት እንደሚሻል ሲያስረዱም በሬ ይጠቅሱ ነበር፤ ግንዱ ለአንድ በሬ ሲከብድ ድሮ ገበሬዎች የሚጠምዱት ሁለተኛ በሬ ነው እንጂ በሬውን ለማግዘፍ አይሞክሩም። ይህ ምሳሌ ለእርሻ አገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ የማዕረጉ ስም በ1985 ሪር አድሚራል ተብሎ ተለወጠ። ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ በአሮጌዋ የጦር መርከብ በኮንስቲትዩሽን ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት በ79 ዓመታቸው ተሰናበቱ፤ በጊዜው በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ነበሩ። ከዚያ በኋላም የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን አማካሪ ሆነው ሠሩ።

ሽልማትና መታሰቢያ

በ1969 የዳታ ሥራ አስኪያጆች ማኅበር የዓመቱ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ብሎ ሸለማቸው፤ የሽልማቱ ስም በእንግሊዝኛ የዓመቱ ወንድ የሚል መሆኑ ማንንም ያሰበ አይመስልም። በ1973 የብሪታኒያ የኮምፒውተር ማኅበር ልዩ አባል ሆኑ፤ ይህን ክብር ያገኙ የመጀመሪያው አሜሪካዊና የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተቀበሉ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በቨርጂኒያ አርሊንግተን በሚገኘው ቤታቸው በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ተቀበሩ። ሆፐር የተባለች የጦር መርከብ በ1997 ሥራ ጀመረች። በ2016 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የነጻነት ሜዳልያን ከሞት በኋላ ሰጧቸው፤ በ2017 ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲ፣ ባርነትን ይደግፍ በነበረው በጆን ካልሁን ስም ይጠራ የነበረውን አንዱን ኮሌጁን ግሬስ ሆፐር ኮሌጅ ብሎ ሰየመው።